ከአሥራ አምስት

ሽንብጥ ሰፈር፣ ማታ፣ መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቶ፣
ሻማው በተገለበጠ ብርጭቆ ቂጥ ላይ ተጣብቶ፣
አርባ ሁለት ወረቀት፣ አንድ ቀይ እስክሪብቶ።
ጥያቄ አራት ይላል፣ ያወጣሁት እኔው፦
«የአንድ ደሴት አገር መልክዓ ምድር፣ ሰው፣
አስተዳደር፣ ኢኮኖሚ፤ ምን እንደሚመስል አብራሩ።
ነጥቡ አሥራ አምስት ነው።»

ማዳጋስካር ብለው ጻፉ ሠላሳ ስምንቱ፣
ከኔው ማስታወሻ፣ ከነስሕተቱ።
ሁለቱ ጃፓን አሉ። አንዱ ባዶ ሰጠ፣
ስሙን ብቻ ጽፎ፣ ጠርዙን በጥርሱ እየቆረጠ።

የቀረችው፣ ሙጬ አንለይ፣ ዘጠነኛ «ለ»፤
እጅ ጽሕፈቷ እንደ ታንኳ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ።

«የኔ አገር» ትላለች፣ «በካርታ ላይ የለችም፣
መምህር ግድግዳው ላይ በሰቀሉት ጣና ነጥብም አልሆነችም።
በሰሜን ውኃ ያዋስናታል፣ በደቡብ ውኃ፣
በምሥራቅ ውኃ፣ በምዕራብም ያው ውኃ።
ወሰኗ አይጸናም፤ ክረምት ላይ ሁለት ጓሮ ለሐይቁ ትለቃለች፣
ሚያዝያ ላይ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ክስ ትረከባለች።
ዙሪያዋን ለመዞር፣ ድስት ጥጄ ወጥቼ፣
ሽሮው ሳይገነፍል እደርሳለሁ መጥቼ።

ሕዝቧ ስልሳ አንድ ነው። እኅቴ አስረበብ
የያዘችው ሲጨመር ስልሳ ሁለት ይመዝገብ።
አባ ዘወልድ ግን አልገቡም ከቁጥር፤
‹ለዓለም ሞቻለሁ› አሉኝ፣ ‹ፍትሐቴም ተደርሷል፤ የሞተ አይቆጠር።›

አስተዳደር። ሊቀ መንበሩ የሚኖሩት ማዶ ነው።
ማኅተሙም ማዶ ነው።
ሦስት ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤
ሁለቴ ለግብር፣ አንዴ ለፎቶ።
ዋናው ገዢያችን ነፋስ ነው፣ ማንም ሳይሾመው ተሹሞ።
እሱ ካልፈቀደ ታንኳ አይፈታም፣
ሙሽራ አይሻገርም፣ ማንጎ ገበያ አይወጣም።
ይግባኝ የለበትም።

ኢኮኖሚ። የምንሸጠው ማንጎ፣ ጌሾ፣ ሎሚ፣ ጥቂት ዓሣ፤
የምንገዛው ጨው፣ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ጀሪካንና ጣሳ።
አንድ የውጭ ባለሀብት ገብቶልናል፤ ስሙ እንቦጭ ነው።
ፈቃድ አልጠየቀ፣ ውል አልፈረመ፣ መረቡን ሁሉ ወረሰው።
ኤምባሲያችን ባሕር ዳር፣ ከገበያው ጀርባ ያለች ቆርቆሮ ቤት ናት፣
አምስት ተማሪዎች ሁለት ፍራሽ ዘርግተን የምናድርባት።

እርማት። ሕዝብ ባልኩት ሥር አንድ ቁጥር ይስተካከል፤
የሰኔው ነበር።
ሐምሌ ላይ ገዢው ሦስት ቀን ሙሉ ችሎት ተቀመጠ፣
አስረበብ ምጥ ላይ፤ ታንኳው እንደታሰረ ውኃ መጠጠ።
በአራተኛው ቀን ፈቀደ።
ስለዚህ ስልሳ ሁለት ያልኩት፣ ስልሳ ይባል።»

ሻማው ሊያልቅ ነው።
የእርማት መመሪያዬ፣ በራሴው እጅ የተጻፈው፣
«ሰንደቅ ዓላማ፣ ሁለት ነጥብ፤ ሉዓላዊነት፣ ሦስት» ይላል።
እኔ የቡሬ ሰው ነኝ። ስድስት ዓመት በዚህ ውኃ ዳር ስመላለስ
አንድ ቀን አልተሻገርኩም፤ ጫማዬን አውልቄ እግሬን እንኳ አልነከርኩ።
እስክሪብቶውን አነሣሁ። አስቀመጥኩ። አነሣሁ።

መምህር ግን መምህር ነው፣ የሚቀንሰው ይሻል፤
ጠርዙ ላይ «ዋና ከተማዋን ዘንግተሻል»
ብዬ ጻፍኩ።
ከአሥራ አምስት፣ አሥራ አራት።

ሰኞ ወረቀቱን ስመልስ፣ ሌላው ሲወጣ ቆማ ቀረች።
«ግንዱ ነው» አለችኝ።
«የምኑ ግንድ?»
«ዋና ከተማው። ታንኳው የሚታሰርበት።
ሰው ሁሉ እዚያ ነው የሚሰበሰብ፤
የሚሄድ የሚሸኝበት፣ የሚመጣ የሚጠበቅበት።»
ነጥብ አላስጨመረችም። ደብተሯን በብብቷ ሸጉጣ ወጣች።
እኔም አልመለስኩላት።
እስከ ዛሬ፣ ያ ካርታ ፊት ጠመኔ ይዤ ስቆም፣
ያቺ አንዲት ነጥብ ኪሴ ውስጥ አለች።