የደቻቱ በረዶ

ታኅሣሥ ሃያ ስድስት፣ ፀሐይ ስትበርድ፣
ቀፊራ ወረድኩኝ የገና ጥድ ልወስድ።
የፕላስቲክ ዛፍ አየሁ፣ አረንጓዴ፣ ረጅም፣
ሽታ የሌለው ዛፍ፣ ጥላም የለው ምንም።
«ስንት ነው?» አልኩት። ነገረኝ። ደገመ።
ከቤት ኪራያችን በመቶ ብር ቀደመ።
እጄ ቦርሳዬ ውስጥ እንደገባ ቀረ፤
ባለሱቁ ገባው፤ ዛፉን ማራገፍ ጀመረ።

ባጃጅም አልያዝኩ። በአሸዋው አቋርጬ፣
ከድልድዩ በታች ጥቂት ተቀምጬ፣
አየሁ የግራር ቅርንጫፍ፣ ቅጠሉ ያለቀ፣
ክረምት ጎርፍ አምጥቶት ድንጋይ ላይ የተጣበቀ።
ደቻቱ ሲቆጣ ስንቱን ቤት ወስዷል፤
ዛሬ ዝም ብሎ እንጨት ይመልሳል።
አነሣሁት። ወጋኝ።
ለካ እሾህ መንጠቆ ነው!
ክር መግዣዋን ብር እዚያው አተረፍኩ።

ኢዮስያስ አየኝ፤ ሳቁን ለቀቀው ባንዴ፦
«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? ግመል ገዛሽ እንዴ?»
በወተት ጣሳ ውስጥ አሸዋ ሞልቼ ግራሩን ተከልኩት፤
አሮጌ ትራሴን ሆዱን ቀደድኩት።
ጥጡን ለፌቨን ሰጠሁ፤ በየእሾሁ ሰካች፤
«በረዶ ነው» ብላት ዓይኗን አፈጠጠች፦
«ታዲያ ለምን ወጣ ከነጂሃ ፍሪጅ?»
ለእሷ በረዶ ማለት፣ ለድሬዳዋ ልጅ፣
በፌስታል የሚሸጥ፣ ውሃ የሚያቀዘቅዝ፣
በግንቦት ጠራራ ጣት የሚያደነዝዝ።
ሰማይ ጥጥ የሚጥልበት አገር አለ ልላት አሰብኩ፤
እኔም አላየሁት፤ ጀመርኩና ተውኩ።

ቆርኪ ጠፈጠፍን፤ በጥፍር ቀለም ቀባን፤
ከሻይ ቅጠል ፓኮ ብርማ ወረቀት አወጣን።
ነጂሃ ልትቆጣ መጣች፣ መዶሻው በዝቶባት፤
ዛፉን ዞር ዞር ብላ አየች፤ ቁጣው ጠፋባት።
የዒድ መብራቷን አመጣች፣ በክንዷ ጠቅልላ ይዛ፦
«እስከ ረመዳን ያንቺ ነው፤ ሁለቷ አምፖል ፈዛዛ።»
ወጪያችን፦ ሻማ ሃያ ብር፣ ሙጫ ሠላሳ፤ የቀረው ከቤት።
ኮከብ መቁረጫ ካርቶን ግን አለቀ ድንገት።

አባቴ ጥግ ላይ፣ ሽርጡን አገልድሞ፣ ሬዲዮ ይሰማል።
ሠላሳ አንድ ዓመት ቲኬት ሸጧል ከለገሃር መስኮት፤
ባቡሩ ሲቆም የተረፈውን ቲኬት
በብስኩት ቆርቆሮ አሽጎ አኖረው፣
እኛ የማንነካው፣ እናቴም ያልነካችው።

ኢዮስያስ ነካው።

የመቀሱን ድምፅ ሰምቼ ዞርኩ። ጠንካራዋ ካርቶን
አምስት ጫፍ አውጥታ መሬት ላይ ወድቃለች፦
«ድሬዳዋ – ሁርሶ። ሦስተኛ ማዕረግ።»
ሬዲዮው ተዘጋ።

አባቴ ተነሣ። ኮከቧን አነሣት፤ አራቃት፤ አቀረባት፤
መነጽሩን ፈልጎ አነበባት።
እኔ የልጄን ትከሻ ይዤ ቁጣውን እጠብቃለሁ።
«ሁርሶ» አለ። «ሁርሶ ብዙ አይቆምም።
በግራ በኩል ስቀላት፤ አዲስ አበባ በዚያ ነው።»
መብሻውን ከኪሱ አወጣ።
ከኪሱ! ጡረታ ከወጣ ስንት ዓመቱ!
ቀጭ። ቀዳዳዋ የእሾሁ ልክ ሆነች።

ኤረር። ቀጭ። ሽንሌ። ቀጭ። አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ።
ኢዮስያስ ይቆርጣል፣ አባቴ ይበሳል፣ ፌቨን ትሰቅላለች።
አንዱን ጣቢያ ብትዘል «ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!» ይላታል፣
ሻንጣውን ይዞ ሊወርድ የቆመ ሰው ያለ ይመስል።

ማታ መብራት ጠፋ፤
የነጂሃ አምፖሎች ከነፈዛዞቹ ጨለሙ።
ሻማውን ለኮስኩ፤ ከጥጡ አርቄ አስቀመጥኩ።
ጥጡ እውነትም በረዶ መሰለ፣
ወይም በረዶ አይቶ የማያውቅ ሰው
በረዶ ነው የሚለውን።

አንድ ቲኬት ተርፎ ነበር። ፌቨን እጇን ዘረጋች።
አባቴ ወደ ሻማው አስጠግቶ አየው፤
«ይሄኛው ደርሶ መልስ ነው» አለና
ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው።