ፊደል ለቃሚዋ

እናቴ ሱዙኖ ማተሚያ ቤት ሳለች፣
ደራሲ አልነበረች፣ አራሚም አይደለች።
ፉኩኦካ ከተማ፣ ሃኮዛኪ ሰፈር፣
ከሐዲዱ ማዶ፣ አንዲት ጠባብ ጓዳ፣
ስምንት ሺህ የእርሳስ ፊደል በየሳጥኑ ሰፍሮ
እጇን ይጠብቃል ማለዳ ማለዳ።

ሥራዋ መልቀም ነው፤
በሰኔ ዝናብ እርጥበት ጠርዙ የሟሸሸውን፣
ነጭ ዱቄት ያበቀለ፣ ዝገት የነካውን፣
ከገጹ ሳይሰለፍ፣ ቀለም ሳይቀባ ፊት
በአውራ ጣት ዳስሶ ከደህናው መለየት።
ዐይን ይታለላል፣ ጣት ግን ያስታውሳል፣
ትል ነበር እናቴ።
ኳ! ይላል ጣሳው፤ የዛገው ይወድቃል።

አንዴ ብቻ ሳተች።
በእኛ ጽሕፈት ውስጥ መንታ ፊደሎች አሉ፣
ከሰረዝ ርዝመት በቀር አንድ የሚመስሉ፤
ታችኛው ሲረዝም "ገና" ተብሎ ይነበባል፣
ላይኛው ሲበልጠው "ፍጻሜ" ይባላል።
የጃንጥላ ነጋዴው የአቶ ሺሮዙ ማስታወቂያ
"ሥራችን ገና ነው" ሊል ወጥቶ ለገበያ፣
የታችኛውን ሰረዝ ዝገት ጫፉን በልቶ፣
ታትሞ አደረ "ሥራችን አበቃ" ብሎ።
ደንበኛው ጥቁር ለብሶ፣ የለቅሶ ፖስታ ይዞ
ደጁን ሞላው ተክዞ።
እናቴ ሦስት ቀን ከሱቁ ደጃፍ ቆማ
ጎንበስ ቀና አለች፣
ያለ ጃንጥላ፣ በዝናብ።

እኔ ልጇ ካዮኮ ሌላ ሳጥን ያዝኩኝ፤
ባክቴሪያ በሳህን ሳሳድግ ኖርኩኝ።
ሕዋስም ጸሐፊ ነው። ሊከፈል ሲነሣ
መጽሐፉን ይገለብጣል አንድ ቃል ሳይረሳ፤
አራት ዓይነት ፊደል፣ ገና ያልተሰደሩ፣
በፈሳሹ መሐል ተበትነው ሲዞሩ፣
የምንተነፍሰው፣ ያው የሚያኖረን አየር፣
ከሕዋሱ ምድጃ ፍንጣሪው ሲበር
አንዱን፣ ጉዋኒንን፣ ጎኑን ይነካዋል።
ጉዋኒን ይዝጋል።
ከሳይቶሲን ጋር ብቻ ሊጣመር የማለ፣
ለአዴኒንም እጁን ዘርግቶ ዋለለ፤
ገልባጩ ምን ያውቃል፣ ይተክለዋል አምኖ፤
"ገና" ያለው መስመር ያድራል "ፍጻሜ" ሆኖ።

ግን አንድ ፕሮቲን አለ።
የዛገውን ፊደል ከደህናው ይለያል፣
ከሦስት የፎስፌት ጭራ ሁለቱን ይቆርጣል፤
ጭራው ያጠረውን ገልባጩ አያነሣም።
ኳ! የሚል ጣሳ ግን በሕዋስ አይሰማም።

ይህን ጠባቂ ከባክቴሪያዎቼ ነጠቅሁና አየሁ።
መድኃኒት በቀባሁት ሳህን፣ ምንም ሊበቅል በማይገባው ላይ፣
ጤነኞቹ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ነጠብጣብ ሲያወጡ
የእነዚያ ሳህን የጥቅምት ሰማይ መሰለ፤
ዘጠኝ መቶ ላይ ስደርስ መቁጠሪያውን አስቀመጥኩ።
አየር በሌለበት ማሰሮ ዘግቼ ባሳድጋቸው ግን
ሳህኑ ጸጥ አለ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው።
"መቼ ይተኛል?" አለች።
አይተኛም፣ አልኳት።
"ስቶስ ያውቃል?"
ያውቃል። እሱ ያሳለፈውን ከገጹ ላይ የሚነቅሉ ሌሎች አሉ፤
እነሱም ሲስቱ…
አልጨረስኩም።
"ሲስትስ" አለች፣ "ስለ እሱ ደጃፍ ቆሞ ጎንበስ የሚል ማነው?"

ዝናቡ የጣራውን ክዳን ይቆጥር ነበር።
መልስ ስፈልግ፣ አውራ ጣቷ የስኒዋን አፍ መዞር ጀመረ፣
ቀስ ብሎ፣
የተበላ ቦታ ፍለጋ።