ውሃ ልክ

በቤታችን የነበረው ባሕር
ከጣት አይበልጥም፤
በአባቴ ውሃ ልክ ውስጥ፣ በመስታወቷ፣
አረንጓዴ ጠብታ፣ መሐሏ አረፋ።
ግንብ ሲጣመም ትሸሻለች፣
ሲቃና ትቆማለች።
«አትንኪያት» ይለኝ ነበር፣
«ሃያ ዓመት አብልታናለች።»

ዘንድሮ አራተኛ ዓመቴ፣
መርከብ መሥራት ነው ትምህርቴ።
የባጃጁ ሹፌር ሲጠይቀኝ ነገርኩት፤
ዞሮ እኔን አየ፣ ከዚያ ደቻቱን አየ፣
ያን ፍየል የሚሻገረውን የአሸዋ ወንዝ፤
«አቦ! ማን ሊገፋላችሁ ነው?»
ሒሳብ አልተቀበለኝም። ሳቁ በቃው።

ገንዳችን የምድር ባቡር ነበር፣
በእንፋሎቱ ዘመን ሞተር ያጠጣ።
አቶ ዘርጋው ከዎርክሾፑ ቆርጠው ሰጡን፣
በፈረንሳይኛ እየተሳደቡ፣
ዝገቱን በአማርኛ እያባበሉ።
ቧንቧው የሚመጣው ሐሙስ ሌሊት ነው፤
እኔና ኢፍራህ ጀሪካን ይዘን እንሰለፋለን።
«ይሄ ሁሉ ለምንድነው?» ይላሉ ሴቶቹ።
«ባሕር ልንሞላ» ትላለች ኢፍራህ፣
ፈገግ እንኳን ሳትል።

የድሬ ውሃ ኖራ አለበት፣
ማንቆርቆሪያ ውስጥ ድንጋይ ያበቅላል።
መምህር ረምዚ «መዝኑት» አሉን፤
«የመጽሐፉ ውሃ የእናንተ ውሃ አይደለም።»
መዘንነው። እውነታቸውን ነው፣
በጥቂቱ ይከብዳል።

መርከብ ሁለት ልብ አላት፦
አንዱ ክብደቷ ወደ ታች የሚስባት፣
አንዱ ውሃው ወደ ላይ የሚገፋበት።
ስትጋደል ሁለተኛው ቦታውን ይለቃል፣
ወደ ወደቀችበት ጎን ይሄዳል፣ ሊያነሳት።
ከሁለቱም ሌላ የማይታይ ነጥብ አለ፣
ሜታሴንተር ይሉታል፤
ለፈተና ቤት አስመትተን ሸመደድነው፦

ነጥብ ከላይ ካለ፣ መርከብ ብታዘምም፣
ትመለሳለች እንጂ፣ ወድቃ አትጋደምም።

ነጥቡ ከታች ሲሆንስ?
መምህር ረምዚ እዚህ ላይ ዝም ብለው
ጠመኔውን በጠረጴዛው ላይ ይገለብጡታል።

እኔ ነጥቡን ያወቅኩት በሦስት ዓመቴ ነው።
በዚያ የነሐሴ ሌሊት፣
ዓመት ሙሉ አሸዋ ለብሶ የተኛው ደቻቱ
ተነስቶ፣ ሳያንኳኳ፣ ቤታችን ሲገባ፣
አባቴ በሲሚንቶ ማቡኪያው ሳጥን ውስጥ ጣለኝ።
ሳጥኑ ይዞኝ ሄደ።
ከሥሩ የደረቀ ሲሚንቶ ነበረበት፣
ነገ እፋቀዋለሁ፣ ነገ እፋቀዋለሁ ሲል የከረመው።
ያ የአባቴ ስንፍና፣ ያ ክብደት፣
ከታች ሆኖ ቀጥ አድርጎ ያዘኝ
እስከ ድልድዩ።

የጎረቤታችን ልጅ ኑሪያ ፍራሽ ላይ ነበረች።
ፍራሽ ይንሳፈፋል።
ፍራሽ ውሃ ይጠጣል።
ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት አስልቼዋለሁ፤
ከመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ አይገኝም።

ትናንት ሙከራው ነበር፦
ሚዛን ድንጋይ ከመሐል ወደ ጎን መግፋት፣
ያጋደለችውን ማንበብ።
የዩኒቨርሲቲው መለኪያ ባትሪው ሞቷል፤
አባቴን ለመንኩት። ዕቃ ማዋስ አይወድም፣
ራሱ ይዟት መጣ፣
ጫማውን በር ላይ አራግፎ፣
ነጭ የኖራ ዱካ ትቶ።
ከጥድ በጠረብናት መርከብ ላይ አስቀመጣት፣
በእርጥብ ጨርቅ እንደ ሕፃን ጠራርጎ፤
ውሃ በውሃ ላይ።
(ክብደቷንም መዝግበናል።)

ኢፍራህ ድንጋዩን ገፋች።
መርከቧ አዘመመች፣ አረፋዋ ሸሸች፣
የአባቴ እጅ ተወረወረ።
«ተዋት!»
ድምፄ ጮኸብኝ። እጁ አየር ላይ ቀረ፣
ያ አንድ ጊዜ ሳጥን የለቀቀ እጅ።
በለጠፍነው ሚሊሜትር ወረቀት ላይ አነበብኩ፣
ጻፍኩ፣ ድንጋዩን አነሳሁ፤
መርከቧ ወዲያ አለች፣ ወዲህ አለች፣
አረፋዋ መሐል መጥታ ቆመች።

«ግንብ እንዲህ አይመለስም» አለ አባቴ።
ጎንበስ ብሎ ከሥሯ ሊያይ ሞከረ፣
ውሃው ግን ኖራ ነው፣ አያሳይም።
«ከታቿ ምን አደረግሽባት?»
«ሲሚንቶ።»
ቆየ። ዓይኑን በክንዱ አበሰ፣
ሙቀቱ ነው፣ ሚያዝያ ነው።
«የድሬ ነው?» አለኝ።