ሞዴል ሃያ ሁለት

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣
ከከዚራ በኩል አንድ ሰው በባጃጅ መጣ፤
በብብቱ ፋይል፣ በኪሱ ማኅተም፣
በፊቱ ላይ እንቅልፍ። ሌላ ምንም የለም።
«ለርክክብ ነው» አለ፤ «ተረካቢው ማነው?»
ሰባት ሆነን ቆመናል፤ ሰባታችን ዝም ነው።
ኋላ ሰፊያ፣ የአፎቻው ሹም፣ የእድሩም ዳኛ፣
«እኛ ነና» አለችው። «ሌላ ማን አለ? እኛ።»

ከዚያ ቆጠራ ሆነ። ሦስት ቅጂ፣ ካርቦን ያለበት፣
የመንግሥት ንብረት መሸኛ፣ ሞዴል ሃያ ሁለት።

«ዥዋዥዌ፣ አራት» ብሎ ጻፈ፣ ሰንሰለቱን ቆጥሮ፤
መቀመጫ ያለው አንዱ ነው፣ እሱም በገመድ ታስሮ።
«ሸርተቴ፣ አንድ።» ወገቡ ላይ ዝጎ የተቀደደ፣
የሰፈሩን ሱሪ ሁሉ አንድ በአንድ የቀደደ።
«የእግር ኳስ ግብ፣ ሁለት።» መረብ? መረብ የለም።
«መልበሻ ክፍል፣ ከነትሪቡኑ።» ጣሪያውን አልጻፈም።
«የውሃ ታንከር፣ አንድ።» ከፍቶ አየው። ጎጆ ነው፣
የእርግብ፤ ሁለት እንቁላል። እስክሪብቶው ቆመ። ምን ይበለው?
«ሌላ» የሚለው ረድፍ ላይ ጥቂት አሰበና
ሰረዘው። ክዳኑን መለሰው፣ ቀስ ብሎ፣ እንደገና።

እኔ ጸሐፊ ነኝ። ከጎኑ ቆሜ ስከታተል ቆጠራውን
በልቤ ሌላ ሞዴል ሞላሁ፣ እሱ ያለፈውን፦
የኒሟ ጥላ፣ አንድ፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ የሚረዝም።
የሮብሌ ፊሽካ፤ ከምድር ባቡር ጡረታው ጋር ይዞት የወጣው።
የእኔ ጥርስ፣ የፊት፣ አንድ፤ በሰማኒያ ሦስት እዚያ ግብ ሥር የቀረው።
ጎርፉ በሌሊት የመጣ ጊዜ ትሪቡኑ ላይ ያደርን አርባ ሰዎች፣
ከአንዲት ፍየል ጋር፤ የማን እንደሆነች እስከ ዛሬ ያልታወቀች።

ቁልፍ ወጣ። አሥራ አንድ ቁልፍ፣ በአንድ ሽቦ ታስሮ።
ሰውየው ሁሉንም ሞከረ፣ ላቡን ጠረገ፣ ደግሞ ሞከረ ዞሮ።
«አቦ ተወው» አለች ኢፍቱ፣ የስምንት ዓመት ልጅ፣
ኳሷን በብብቷ እንደ ፋይል ይዛ፤ «በኋላ ነው የሚገባው።»

ዞርን። ከመልበሻው ጀርባ ሁለት ብሎኬት ጎድሎ
ልጅ የሚያህል ቀዳዳ፤ ጠርዙ በትከሻ ተሞርዶ፣ ለስልሶ፣
ሲዳስሱት እንደ ሳሙና። ስንት ዓመቱ ነው? ማን ያውቃል።
የእኔም ትከሻ አለበት። የሰፊያም፣ ባትናገር፣ ሳይኖርበት አይቀርም።

ፈረምን። ስድስት ፊርማ፣ አንድ አውራ ጣት።
ልንጨባበጥ ስንል ከፋይሉ ሥር መዘዘ ሌላ ወረቀት፦
የውሃ ቢል። የአሥራ አራት ወር ውዝፍ፣ ከነቅጣቱ።
«ታንከሩ ውስጥ ያለው እርግብ ነው። ውሃውን ማን ጠጣው?»
«እሱን አላውቅም፣ እህቴ። ቆጣሪው ነው የቆጠረው።»

ባጃጁ ሄደ። የደቻቱን ደረቅ አሸዋ ጥቂት አቦነነና
ጠፋ። እኛ ቆመን ቀረን፣ ፈራ ተባ እያልን ገና።

እስከ ትናንት፣ አምፖል ሲቃጠል፣ ቀበሌውን እንረግም ነበር፤
እርግማን ነፃ ነበር፣ ሻይ ላይ እንደ ስኳር
አንዱ ለአንዱ ያቀብለው። በር ሲሰበር፣ ቀበሌ።
ቱቦ ሲፈስ፣ ቀበሌ። አሁን ቀና አለ ሮብሌ፣
የትሪቡኑን አምፖል አየ፤ አፉን ከፈተ፤ ዘጋው።
እኔን አየኝ። እኔ ሰፊያን።
ሰፊያ መሰላል ጠየቀች።

ጥላው ሲረዝም የመጀመሪያው ስብሰባ ሆነ።
ከአሮጌ የባጃጅ ጎማ ሦስት መቀመጫ እንዲቆረጥ ተወሰነ።
ቀጥሎ አንዱ እጁን አወጣ፤ «ያ የኋላው ቀዳዳ
ይደፈን እንጂ። ንብረት ተረክበናል፣ በፊርማ።»

ልክ ነው። ማንም ልክ አይደለም አላለም።
ጥቂት ሰው ብቻ ትከሻውን አከከ።
ኢፍቱ በቀዳዳው አንገቷን አውጥታ ታየናለች፣
ውሳኔውን ትጠብቅ፣ ኳሷን ትጠብቅ፣ አልገባኝም።

ጻፍኩ፦ አጀንዳ ሁለት፣ የመልበሻው ቀዳዳ።
ለሚቀጥለው ጊዜ ተላልፏል።