ባዶ ሻንጣ

ሦስት ወር ሙሉ ስልኬ ላይ ሲጮህ የኖረው ፊልም፣
«አይቶት ያላለቀሰ ካለ፣ እሱ ሰው አይደለም»
ያሉለት ያ ፊልም፣
ዴይራ ደረሰ አሉ፣ ለአንድ እሁድ ማታ፤
ለካ ስድሳ ድርሃም ነው የማልቀሻ ቦታ።

ማዳምን ለመንኩኝ፣ ሦስት ሳምንት ቀድሜ፣
የዘጠኝ ሰው ልብስ ተኩሼ በቁሜ።
ዘምዘም ከሻርጃ፣ ትርንጎ ከአጅማን፤
የኛ ታሪክ ሲወራ የሚቀርስ ማን?
የኛ ታሪክ ነዋ! እንዲያ ነው ያሉት፦
«የአረብ አገር እህቶቻችን እውነተኛ ሕይወት»።
ቅንጭቡን ሰባት ጊዜ አየሁት፣ ሽንት ቤት፣
ውሃ ከፍቼበት፣ ድምፁ እንዳይሰማ ከቤት።

ሶፍት ገዝታ መጣች ትርንጎ፣ ሦስት እሽግ፤
«ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም» አለች፣ ለወግ።

መብራት ጠፋ።

ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስፖንሰር ተመሰገነ፤
የካርጎው፣ የሐዋላው፣ የወርቅ ቤቱ ስም ገነነ።
ከዚያ ወጣች ጀግናዋ፣ ቦሌ ላይ፣ ልትሄድ፤
ኪቦርዱ አለቀሰ፣ ገና ሳትራመድ።

ሻንጣዋን አነሳች።
በሁለት ጣት! ያን የሚያህል ሻንጣ
እንደ ላባ ተንጠልጥሎ ከመኪና ወጣ።

እኔ እንኳ ዝም ብል፣ ዘምዘም አልቻለችም፤
«ባዶ ነው እኮ!» አለች፤ ቀስ ብላ አላለችም።
ኋላችን ሳቁ፤ አንድ ሰው «እሽሽ» አለ፤
ባዶ መሆኑን ግን ያላወቀ የለ።

ሻንጣ እናውቃለን እኛ፤ በኪሎ ነው የሚኖር፤
ኤርፖርት ወለል ላይ ተንበርክከን፣ ስንፈታ ስንቋጥር፣
የትኛው ይቅር ብለን፣ ብርድ ልብስ ወይ ጫማ፣
ከሚዛኑ ጋራ ስንጣላ፣ ስንስማማ።
አራት ጃኬት ደርባ፣ በሐምሌ ሙቀት፣
ላብ እየወረዳት አይሮፕላን የገባች ሴት
አውቃለሁ።
እኔ ነኝ።

ከዚያ ደግሞ ጥፍሯ፦ ቀይ፣ ረጅም፣ የተሳለ፤
በረኪና የሚያውቅ ጥፍር እንደዚያ የት አለ?
ማዳሟ ጮኸችባት፣ በአማርኛ፣ አጥርታ፤
እሷ ጋ በተቀጠርኩ! ስድቡ እንኳ በገባኝ ለአንዳፍታ።

ብዙም አልፈለግሁ፤ አንዲት ሴት ብቻ፣ ውሃ ከፍታ
ሽንት ቤት ቁጭ ብላ ስልኳን ስታይ ማታ፣
ያቺን ቢያሳዩኝ፣ ሦስት ደቂቃ፣ ያለ ሙዚቃ፣
ስድሳዬም ባልቆጨኝ፤ ሶፍቱም ያልቅ ነበር በቃ።

መጨረሻው ሰርግ ሆነ፤ ሁሉም ጨፈረ፤
የትርንጎ ሶፍት እንደታሸገ ቀረ።

ስንመለስ፣ ባስ ውስጥ፣ ዘምዘም ስትረግም፣
«ስድሳ ድርሃሜን!» ስትል፣ እኔ ዝም።
ስልኬ በራ፤ ታናሼ ፎዚያ ናት፣ ከከሚሴ፦
«እንዴት ነበር ፊልሙ? አለቀስሽ ወይ፣ ነፍሴ?»

«በጣም» አልኳት።
ስድሳ ከፍሎ የገባ፣
ከወጣ በኋላ ማን ደፍሮ ይላል፣ አልመጣልኝም እንባ?

ከዚያ ፎቶ ላከች፤ የኔኑ ፎቶ፣ የአምናውን፤
የሚጨፍረው ውሃ ፊት፣ ቀሚስ ለብሼ የዘምዘምን፤
መነጽሩም የሰው ነው፤ ከኋላዬ ፎቁ ሲያበራ፣
«ሳቂ፣ እንደገና» ሲሉኝ ተራ በተራ።

«ፓስፖርቴ ወጣ» ብላ ከሥሩ ጽፋለች፤
«ደላላው ነገ ይመጣል፤ እማዬም እሺ ብላለች፤
መጣሁልሽ፤ እዚያው ፎቶው ላይ ጎንሽ ልቁም።»
ፌርማታዬ ደረሰ፤ በሩ ተከፈተ፤ አልወረድኩም።

ሌላ መልእክት ገባ፦
«ሻንጣም ገዝቻለሁ፣ ትልቅ፣ ደግሞ ቀላል፤
ገና ባዶ ነው፤ በሁለት ጣት ይነሳል።»