መስመሩን አትሻገሩ

ከዚራ፣ ባቡር ሠፈር፣ አንድ አሮጌ ግምጃ ቤት፣
ቬንትሌተሩ ሲያቃስት፣ አሥራ አንዳችን በሙቀት፣
ሙክታር ገባ፣ አጭሩ፣ ሰርግ ቀራጩ ሙክታር፤
ኖራ አንሥቶ መሬት ላይ አሰመረ አንድ መስመር።

«ሁለት ሰው ሲነጋገር መካከሉ ድንበር አለ፤
ካሜራችሁ ከዚህ ወዲህ ይቁም፤ ወዲያ ከዘለለ፣
ቀኝ የነበረው ግራ፣ ግራ የነበረው ቀኝ፣
ተመልካች ይጠፋበታል፤ ‹ማን ነው?› ይላል፣ ‹የት ነው ያለሁኝ?›
መስመሩን አትሻገሩ።»
                              እኔ ሳቄ መጣ።
በየማለዳው ካንዱ ዳር ወዳንዱ ዳር የምወጣ
የመጋላ ልጅ ነኝ፤ ደቻቱን አቋርጬ፣
ደረቁን አሸዋ በሸበጥ ረግጬ።
እኔን የሚቀርጸኝ ሰው ከየቱ ዳር ሊቆም ነው?
ወንዙም ወንዝነቱን ክረምት ነው የሚያስታውሰው።

ድርሰቴን ይዤ ቀረብኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ገጽ ሞላ፤
ጎርፉ በሌሊት ሲመጣ፣ ሰው ጣራ ለጣራ ሲፈላ፤
ሄሊኮፕተርም ነበረው፣ ግመል የወሰደ ማዕበል፣
አንድ ገጽ ሙሉ የሚናገር ሰው ሊሞት ሲል።
ሙክታር አነበበው፤ መነጽሩን ጠረገ፤
ከንፈሩን ነክሶ ያዘው፣ ለመሳቅ ፈለገ፤
ተወው።
«ያለሽ» አለኝ «ሦስት ደቂቃ፣ አንድ የተሰነጠቀ ስልክ።
ጎርፉን ተዪው፤ ሄዷል። ግድግዳው ላይ የቀረው ልክ፣
እሱን አሳዪኝ።»

ግድግዳውን አውቀዋለሁ።
አክስቴ አሻ ኑር ሮቃ የምትሸጥበት፣
አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ከጭንቅላቷ አናት፣
ቡናማ መስመር አለ። ቀለም ተቀብቶ ሁለቴ፣
ሁለቴም ተመልሶ ወጥቷል። ስለሱ አክስቴ
ተናግራ አታውቅም። ጆግ ታጥባለች፤ በረዶ ትሰብራለች፤
«ስንት ነው?» ስትባል ብቻ ዋጋ ትናገራለች።

ተማርን።
የቀትር ፀሐይ ፊትን እንደሚገድል፣ ዓይንን ጉድጓድ እንደሚያደርግ፣
የአሥራ አንድ ተኩሉ ብርሃን ግን እንደ አፋር እንግዳ ቶሎ እንደሚያፈገፍግ።
ትሪፖድ ሲጠፋ ጡብና የጫማ ክር እንደሚበቃ፣
ለሚራመድ ካሜራ ደግሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ከሚገፋ ባጃጅ የሚበልጥ እንደሌለ ዕቃ።
ስልኩ ግሎ ሲዘጋ ከሮቃው በረዶ ጎን እንደሚያስተኙት።
ዝምታም እንደሚቀረጽ፤ ሠላሳ ሰኮንድ፣ ማንም ሳይተነፍስ፤
(ስናዳምጠው ግን፦ ቁራ፣ የሩቅ ጥሩምባ፣ የቤዛዊት ሆድ ሲጮኽ፣ የቆርቆሮ ማልቀስ።)
አንድ ፊት፣ ከዚያ ባዶ ብርጭቆ፤ ተመልካች «ጠማው» ይላል።
ያው ፊት፣ ከዚያ ባዶ አልጋ፤ «ሰው ሞቶበታል» ይላል።
ፊቱ ግን አልተለወጠም፤ የናስር ፊት ነው፣ በምርቃና ግድግዳ የሚያይ።
«ከሁሉ በፊት» አለ ሙክታር፣ «ሰውየው ካሜራውን እንዳያይ።»

ቅዳሜ።
ስልኬን ባጃጁ አፍንጫ ላይ በጫማ ክር አሰርኩ፤
ሆዳን ከኋላ ትገፋ ጀመር፤ «በቀስታ» ብዬ ተነፈስኩ።
የሮቃ ቀለም ይዞ መጣ ብርሃኑ፣ ግድግዳው ላይ ተደገፈ፤
ቡናማው መስመር ካክስቴ ሻሽ በላይ ከዳር እስከ ዳር አለፈ።
እጇ ጆጉ ውስጥ ነበር፤ በረዶው ይንኳኳ ነበር፤
ሁሉም እንደ ተማርነው፣ እንደ ኖራው መስመር፣
ሊሆን ምንም አልቀረውም።
                              ቀና አለች።
ያ ሁሉ ነገር ያየ ዓይኗ እኔን አየኝ፣ ስልኩ ውስጥ ገብቶ፤
«ምሳ በልተሻል?» አለችኝ። አለቀ፤ ሕጉ ቀረ ተረስቶ።

ግምጃ ቤቱ ጨለማ ውስጥ፣ አንሶላ ላይ አየነው።
ናስር ሳቀ። ከዚያ ተወ። ሙክታር «እዚህ ላይ ቁረጪው»
ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ወንበሩን አስጠጋ፤
«ድምጿን ከፍ አድርጊው» አለ፤ እጁን ወደፊት ዘረጋ።

ከጥያቄዋ በኋላ አራት ሰኮንድ ዝምታ አለ።
ቁራ አለ፣ ጥሩምባ አለ።
ከዚያ የእኔ ድምጽ፣ ከስልኩ ጀርባ፣ ከመስመሩ ወዲያ ማዶ፦
«አልበላሁም።»