የደረሰ ጉዳት

ሣጥኖቹ አራት ናቸው፤ ሦስቱ የቢራ፣ አንዱ የባቡር።
ባህል ቢሮ የሰጠኝ ሥራ ማንበብ ሳይሆን መቁጠር፦
ቀን። ላኪ። ተቀባይ። ጉዳዩ ባጭሩ፤
ከዚያ ቁጥር ተሰጥቷቸው በመደርደሪያ ሊያድሩ።

አቶ ኤፍሬም ወልደሰንበት
ቀን ቀን ጭነት መዝጋቢ ነበር፣ እዚሁ ከዚራ፣
ማታ ማታ የሥዕል ሐያሲ።
ወረቀት አይገዛም።
የምድር ባቡሩን ቅጽ ጀርባውን አይደለም፣ ፊቱን፣
እዚያው በሰንጠረዡ ቤት ያሰፍራል ትችቱን፦
"የዕቃው ዓይነት፦ የገበያ ሥዕል፣ በዘይት ቀለም።
ክብደት፦ ቀላል።
የደረሰ ጉዳት፦ ሠዓሊው ቢጫን ይወዳታል፤ እሷ ግን አትወደውም።"

ሙሴ ስታቭሮ፣ ፍሬም ሠሪው፣ ባለ ጋለሪው፣
በየኤግዚቢሽኑ ዋዜማ ቅርጫት ይልካል፤
የኤረር ብርቱካን፣ ከ"ደግ ቃል" ልመና ጋር።
መልሱ በካርቦን ግልባጭ፦ "ብርቱካኑን መልሻለሁ። አራት ይጎድላል።
ከግድግዳህ ግን አንድም ሥዕል አልጎደለም፤
ቢጎድል ይሻል ነበር።"

ራቢያ አብዱላሂ ከሐረር፣ ከጀጎል፣ በልጇ እጅ ያስጻፈችው፦
"ስፌቴን 'ጌጥ' ብለኸዋል አሉኝ። ጌጥስ ያንተ ከረባት ነው።
ቀዩ ዙር ልጄ የታመመችበት ወር ነው።
ከሱ በላይ ያለውን ጥቁሩን
አልነግርህም። ሁለተኛ ስታይ ጠይቅ።"
የሱ መልስ አንድ መስመር፦ "እመጣለሁ፤ ቁጭ ብዬ ልጠይቅ።"
ሄዶ ይሁን አይሁን ፋይሉ አያውቅም።

ከጅጅጋ አንድ መምህር ሰማያዊ ቀለም ለምኖት ነበር።
ገዝቶ ልኳል። ፖስታ ቤቱ መለሰው፦ "ተቀባዩ ተዛውሯል።"
ቱቦው አሁንም ፖስታው ውስጥ አለ፣
ደርቆ፣ እንደ ጠጠር።

የታችኛው ሣጥን ጎርፍ የጠጣ ነው።
ደቻቱ በዚያ ነሐሴ በቤቱ አልፎ፣
ቀለሙ ከደብዳቤ ወደ ደብዳቤ ተላልፎ፣
የአንዱ ሰላምታ በሌላው ስድብ ላይ አርፎ።

እዚያ መሃል ቶፊቅ ሙመድ፣ የመጋላ ታፔላ ጻፊ።
አንድ ጊዜ፣ አንድ ሸራ ሰቅሎ ኖሯል፦
ጎርፍ፣ ግመል፣ ተንሳፋፊ አልጋ፣
ከላይ ደመና ያልነካው ሰማይ።
ኤፍሬም ከጎጃም መጥቶ ድሬን ካየ ሁለት ክረምቱ፤
"የደረሰ ጉዳት፦ ሰማይህ ይዋሻል።"

ቶፊቅ መለሰ፦
"ጌታው፣ እርስዎ እንግዳ ነዎት።
ዝናቡ የሚዘንበው እኛ ጋ አይደለም፤ እላይ፣ ደጋው ላይ ነው።
እዚህ ኮከብ ይታያል። ልጆች አሸዋው ላይ ይተኛሉ።
ወንዙ በድምፅ ነው የሚመጣው።
ደመና ብጨምርበት ያኔ ነበር የምዋሸው።
ከእንግዲህ ታፔላ ብቻ እጽፋለሁ፤
'ዳቦ ቤት' ሲል ይዋሻል የሚለኝ የለም።"

ግልባጭ የለም። መልስ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት።

ከዚያ አንድ ፖስታ። ቴምብር አለው፣ ማኅተም የለውም።
ቀኑ ጎርፉ ካለፈ አሥራ አንደኛው።
ውስጡ ከውሃ የተረፈ የጭነት ቅጽ፦
"ተቀባይ፦ ቶፊቅ፣ በሕይወት ካለ።
ያን ሌሊት ጣሪያ ላይ ሆኜ ቀና አልኩ። ኮከብ ነበር።
የደረሰ ጉዳት፦"
ከዚያ ባዶ ነው።
ቀለም ፈሶ አይደለም። አልጻፈበትም።

"ጉዳዩ ባጭሩ" ከሚለው ስር "ሰማይ" ብዬ ሞላሁ፤
አለቃዬ ሰርዞ "የግል ደብዳቤ" አለው።

መጋላ ወርጄ ጠየቅኩ። ሱቁ ዛሬ የሞባይል ካርድ ይሸጣል።
ልጁ የብረት መዝጊያውን እስከ ግማሽ ጎትቶ አሳየኝ፦
ከዝገቱ ስር ሰማያዊ፣ ምንም ያልተጻፈበት።
"አባዬ ቀብቶ፣ ጽሑፉን ሳይጽፍ የተወው ነው" አለኝ።
ፖስታውን ሰጠሁት። መዝገቤ ላይ አንድ ቁጥር ጎደለ።

ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል።
ደቻቱ ደረቅ ነው፣ አሸዋው ላይ ኳስ ይጫወታሉ።
ድልድዩ ሩቅ ስለሆነ ሁሌም በወንዙ ነው የማቋርጠው።
ዛሬ ግን ቆም አልኩ፣ ከመውረዴ በፊት፣
ጆሮዬን ወደ ደጋው አዙሬ።